ማንኪያዬና የባሮ ቀዝቃዛ ውኃ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር እጄ ላይ ያለውን አይቶ፣ «ማንኪያው ለምንድን ነው? ወጥ ልትቀምሺበት ነው?» አለኝ። ባሮ ወንዝ ዳር የነበረው ሁሉ ሳቀ።

«ዓሣ ላጠምድበት ነው» አልኩት። ሳቁ ባሰ። ይሳቁ! እጀታውን ቆርጬ፣ በምስማር በስቼ፣ መንጠቆ ያሰርኩበት ማንኪያ ነው። ውኃ ውስጥ ሲብለጨለጭ ትንሽ ዓሣ ይመስላል፤ ትልቁ ዓሣ ሊውጠው ይመጣል።

ጊዜው ጋምቤላ ገና ክልል የሆነችበት ነው። እንደኔ በሰፈራ ከወሎ የመጣው ብዙ ሰው መንግሥት ሲለወጥ ጓዙን ጠቅልሎ ተመልሷል። ባሌም ተመለሰ። «ነይ እንሂድ፣ እዚህ ምን አለሽ?» ሲለኝ «ባሮ አለኝ» አልኩት። ያኔ ከባሮ አንድም ዓሣ አውጥቼ አላውቅም ነበር። ግን አንዴ ነቅለው አምጥተውኛል፤ ሁለተኛ አልነቀልም ብዬ ነበር።

መረቡ ለወንዶቹ ታደለ። ለእኔ ትልቁ ድንጋይ አጠገብ፣ ጥልቁ ላይ፣ ማንም የማይፈልገውን ቦታ ሰጡኝ። ዓሣ የማያመጣ አባል ቦታውን ለሌላ ለቅቆ ከማኅበሩ ይወጣል፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር።

ታኅሣሥ ገባ። ጋምቤላ ሙቀት ብቻ የሚመስለው ሰው በታኅሣሥ ማለዳ እግሩን ባሮ ውስጥ ይንከር! እወረውራለሁ፣ እስባለሁ። ደግሜ እወረውራለሁ። ምንም የለም።

ጋሽ ኦሞድ የሚባሉ፣ ባሮ ዳር ተወልደው ያረጁ የአኙዋ ብሔረሰብ አጥማጅ ነበሩ። ሲያዩኝ ከርመው አንድ ቀን ታንኳቸውን አቆሙ።

«አንቺ፣ ከጉድጓድ ውኃ እየቀዳሽ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ወሎ የጉድጓድ ገመድ የምስበው እንደዚያ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ።

«ውኃው በርዷል። ትልቁ ዓሣ ታች ተኝቷል፣ አሁን አይሮጥም። ማንኪያውን ታች ልቀቂ። ትንሽ ሳቢ። ከዚያ ተይው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሰለችሽ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ጠብቂ።»

በማግስቱ ሊቀመንበሩ መጣ። «ዛሬ ካልያዝሽ ነገ ቦታው ለሌላ ሰው ነው። ደግሞስ አገርሽ ብትገቢ አይሻልም?»

ማንኪያውን ጣልኩ፤ ታች ሲነካ ስንዝር ያህል ሳብኩና ተውኩት። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የመረብ ሰዎቹ ጨርሰው ዓሣቸውን ወደ ሚዛኑ ተሸከሙ።

«በቃ፣ ክርሽን ጠቅልይ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«አልጠቀልልም!»

«ግትር ነሽ እኮ!»

«አዎ፣ ነኝ።»

ማንኪያው ታች ቆሞ ሳለ ክሩ ከበደ። ድንጋይ የያዘ መሰለኝ፤ ድንጋዩ ግን ሄደ። ነጠላዬን መዳፌ ላይ ጠቅልዬ ተንበረከክሁ። ሲጎትት ለቀቅሁለት፣ ሲደክም ሳብኩት። ክሩ ነጠላውን አልፎ እጄን ቆረጠኝ። ጋሽ ኦሞድ «ልርዳሽ?» ሲሉኝ «አይሆንም ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። አሸዋው ላይ ሳወጣው ናይል ፐርች የሚሉት ግዙፍ ዓሣ ነው፤ ቢያቆሙት ደረቴ የሚደርስ። እያለቀስኩ ነበር፣ ከደስታ ይሁን ከንዴት አላውቅም።

ሊቀመንበሩ «ዕድል ነው፣ አይቆጠርልሽም» አለና ሁለት ሰዎች ጠርቶ «ወደ ማኅበሩ ሚዛን ውሰዱት» አላቸው።

ዓሣው ላይ ቁጭ አልኩበት።

«ከማኅበሩ ከወጣሁ ዓሣው የእኔ ነው፣ ራሴ እሸጠዋለሁ። ዓሣው የማኅበሩ ከሆነ ቦታዬም የእኔ ነው። አንዱን ምረጥ!»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ኦሞድ ናቸው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሊቀመንበሩ ዓሣውን አየ፣ እኔን አየ።

«ተነሽና ይመዘን። ነገም በጊዜ ነይ» አለኝ።

ነገም መጣሁ። እስካረጅ ድረስ ከዚያ ድንጋይ አልተነሣሁም። ዛሬ ወጣቶቹ ፋብሪካ የሠራው አብረቅራቂ ማጥመጃ ይዘው ይመጣሉ፤ አጎታተታቸው ግን የእኔው የድሮው፣ የጉድጓድ ገመድ አሳሳብ ነው።

ውኃው ሲበርድ ማንኪያውን ታች አውርዳችሁ ተዉት። ጠቅልሉ የሚል ሰው ቢመጣም አትንኩት። ዓሣው የሚይዘው የቆመውን ነው።