አቡጀዲ ላይ የበቀለው ወንድሜ

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ የተማረ ከሆነ፣ ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለው ሥዕል ፊት ቆሞ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ካልተማረ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ያልተማሩ እንግዶችን እመርጣለሁ። ባለፈው ወር ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ሰዓሊ፣ ረቂቅ ሥዕል የሚባለው ነገር ወደ አገራችን የገባው በእሱና በጓደኞቹ ሻንጣ መሆኑን ሲያስረዳኝ ቆይቶ ድንገት ዐይኑ እዚያ ላይ አረፈ።

«ይሄን ማን ሳለው? የት ተምሮ?» አለኝ።

«አልዩ አምባ፤ ጨውና አቡጀዲ ሲሸጥ» አልኩት።

የቀለድኩ መሰለው። የሚያውቁኝ ሰዎች በማናቸውም ነገር እንደምቀልድ ይመሰክራሉ፤ በዚህ ሥዕል ግን ቀልጄ አላውቅም።

ሥዕሉ የአንድ ሰው ቁመት አለው። ከታች አንድ ወፍራም ግንድ ይነሣል፤ በእኛ በኩል ብርዳማው ተራራ ላይ የሚበቅለውን ጅብራ ይመስላል፣ ግን ጅብራ አይደለም። ቀጥ ብሎ ይወጣና ከመካከሉ በላይ ወደ ግራ ይዘማል። አናቱ ላይ ከልክ በላይ የሰፉ ሁለት ቅጠሎች ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። በቅጠሎቹ መሐል የተልባ አበባ የመሰለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ተበትኗል፤ ነጠብጣቡ መካከል ላይ ደግሞ ቀለም ያልነካው፣ ጨርቁ የሚታይበት አንዲት ጠባብ ክፍተት አለች። አንድ የዕፀዋት ሊቅ ጠይቄ ነበር። ሦስት የማይገናኙ ተክሎች በአንድ ግንድ ላይ መብቀላቸው ስሕተት ነው አለኝ። አመስግኜ ሸኘሁት። ተክል አይደለምና። ወንድሜ ነው።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ቤታችን ከአንኮበር ከተማ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አግብቼ፣ ፈትቼ፣ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ ነገሮችን ለመታዘብ በቂ ጊዜ ነበረኝ። ታላቅ ወንድሜ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቷል። ለጎረቤት የምንናገረው ግን ከሐጂ ጋር ለንግድ ወደ ቆላ ወርዷል ብለን ነው።

ሐጂ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ ጭነው ወደ ደጋ ይወጣሉ፣ እህል ጭነው ይወርዳሉ። ከእናቴ ጋር የገበያ ወዳጆች ነበሩ፤ ውሸታችንንም በፈቃዳቸው ተሸክመውልናል። የሚጠይቃቸው ሁሉ «አዎ፣ ልጁ እኔ ዘንድ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ይህች መልስ ከተጋለጠች ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር።

አብዝቶ የሚጠይቀው ጭቃ ሹሙ ነው። ጎረቤታችን ነበር፤ ወንድሜን በሕፃንነቱ አዝሎታል። ጣሊያኖቹ በሹመቱ ሲያጸኑት ግን ጆሮውን ለእነሱ አከራየ። እናቴን ባገኛት ቁጥር፦

«ልጅሽ አልተመለሰም?»

«ንግድ ላይ ነው።»

«ምን ይነግዳል?»

«ጨው።»

«ይሄን ጊዜማ ጨው ቢሆን ራሱ ሟሙቶ አልቆ ነበር» ብሎ ይስቃል። እናቴም አብራ ትስቃለች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ የትም አልሰማሁም፤ አልናፈቀኝምም።

አንድ የገበያ ቀን ሐጂ መጡ። በቅሎዋን ሳያራግፉ ደጃፋችን ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። እናቴ ያን ጊዜ ገባት።

«እትዬ፣ ቀብረነዋል» አሉ። «በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት። ቦታውን አውቀዋለሁ። አላህ ያጽናዎት።»

እናቴ አላለቀሰችም። ማልቀስ አይቻልም ነበር። ከእኛ በላይ ያለች አንዲት ሴት ለባሏ እሪ ባለች በማግሥቱ ቤቷ ተቃጥሏል፤ እሷንና ሁለት ልጆቿን የት እንዳደረሷቸው የሚያውቅ የለም። አርበኛ የተለቀሰበት ቤት የአርበኛ ቤት ነው፤ ሕጉ ይኸው ነው። ብናለቅስ እኛም ሐጂም ማለቃችን ነው። እናቴ ወጥ ሠራች፣ ጥጥ ፈተለች፣ ጭቃ ሹሙን ሰላም አለች። ነገር ግን ከቀን ወደ ቀን ዐይኔ እያየ ትደርቅ ጀመር። የምትጎርሰው አይወርድላትም። አንድ ቀን ጥጡን አስቀመጠችና «ልጄ ሳይለቀስለት መቅረት የለበትም» አለችኝ።

በእኛ አገር ሬሳው ርቆ የቀረ ሰው በጠመንጃው፣ በፈረሱ፣ በልብሱ ይለቀስለታል። እነዚህ ከሌሉ ምስሉ ተሠርቶ በምስሉ ይለቀሳል። ጠመንጃው አብሮት ቀርቷል። ፈረስ አልነበረንም። ልብሱን የጣሊያን ሶላቶዎች ቤታችንን ሲፈትሹ ወስደውታል። የቀረው ምስል ነው።

እናቴ መጀመሪያ የሄደችው ቤተ ክርስቲያን ወደሚስለው ሰዓሊ ነው። ተከትያት ሄጃለሁ። ሰውየው እስከ መጨረሻ አላዳመጣትም።

«እመት፣ ፊት እኮ ነው የምትሉኝ! ፊቱን ያየ ሁሉ ስሙን ይጠራል። እኔ ሰባት ልጅ አለኝ።»

ዛሬ አልፈርድበትም። ያን ጊዜ ግን ፈርጄበታለሁ፤ የዐሥራ ስድስት ዓመት ፈት እንደምትፈርደው።

በሚቀጥለው ገበያ እናቴ ለሐጂ ነገረቻቸው። ሐጂ ከንግዳቸው ጎን የሙሽራ ሣጥን ላይ ሐረግና ቅጠል ይስላሉ፤ ቀለም በተልባ ዘይት መለወስን ከባሕር ጠረፍ ከመጣ ሽማግሌ ተምረዋል።

«እትዬ፣ ነፍስ ያለው ነገር አልስልም። በእኛ ሐራም ነው። በዕድሜዬ ሙሉ አንድ ፊት አልሳልኩም።»

«ፊቱን መቼ ጠየቅሁዎ?» አለች እናቴ። «ፊቱን እኔ አውቀዋለሁ። ጠላት የማያውቀውን ነው የምፈልገው።»

ሐጂ «ሲቆም በየትኛው እግሩ ነበር የሚቆመው?» አሉ።

እንዲህ ተጀመረ። ሦስት ገበያ በተከታታይ እየመጡ ጠየቋት። እኔ መልኩን ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሸክም በየትኛው ትከሻው እንደሚሸከም፣ በር ላይ ሲደርስ ጎንበስ ይል እንደሆነ፣ ሲቆጣ ይጮህ ወይስ ዝም ይል እንደሆነ ነበር ጥያቄያቸው። እናቴ ማገዶ በግራው ስለሚሸከም ባዶውን ሲሄድ እንኳ ወደ ግራ እንደሚዘም ነገረቻቸው።

«ሲስቅስ?»

«የፊት ጥርሱ አንድ ጎድሏል፤ በቅሎ ረግጣው። በእጁ ይሸፍነዋል።»

«ጆሮው?»

«ጆሮውንማ ተዉት! ነፋስ ሲነሣ ይዞት እንዳይሄድ እሰጋ ነበር።»

«እንደ ጎመን ቅጠል» አልኩ እኔ። እናቴ ሳቀች። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ሳቋ ነበር። ሐጂም ሳቁ፤ ከዚያ በእጃቸው አየሩ ላይ ቅጠል ሲስሉ አየሁ።

ለመሰብሰቢያ ምክንያት የሆነን የእመቤታችን ማኅበር ነው። በወሩ ተራው የእናቴ ነበር፤ ሴቶች ቢሰበሰቡ ማንም አይጠረጥርም። በዚያ ማለዳ ሐጂ ሁለት እንጨት ላይ የተወጠረ አቡጀዲ በአንሶላ ሸፍነው መጡ።

«አልደረቀም» አሉ። «ትናንት ነው የጨረስኩት፤ የተልባ ዘይት በደጋ ብርድ ወር ይፈጃል። አደራ እንዳትነኩት።» ግድግዳው ላይ አቁመውት አንሶላውን ሳይገልጡ ወጥተው ሄዱ። የእኛን ለቅሶ ለእኛ ተዉልን።

እናቴ አንሶላውን ገለጠች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሥዕል አይቻለሁ፣ ስለ ሥዕልም ብዙ አንብቤአለሁ። ያነበብኩት ሁሉ ያን ቅጽበት አያስረዳልኝም። ፊት የለ፣ እጅ የለ፤ ግንድና ቅጠል ብቻ። ወንድሜ ግን ሸክሙን አውርዶ በር ላይ እንደቆመ ሰው እዚያ ቆሞ ነበር። ያቺ ባዶ ክፍተት፣ ሐጂ ምንም ያልሳሉባት ቦታ፣ ሳቁ ነበረች።

እናቴ «መጣህ?» አለችው።

ሴቶቹ እየገቡ አንድ በአንድ አዩት። ማንም ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ጆሮዋ የማይሰማ፣ ምሥጢሩን ማንም ያልነገራት አንዲት አሮጊት ብቻ የቅዱስ ሥዕል መስሏት አማተበች፤ ልትሳለም ተጠግታ ድንገት ቆመች። «እንዴ! ይሄማ የእሷ ልጅ ነው» አለች ጮክ ብላ። አፏን ያዝናት።

ከዚያ ለቅሶው ተጀመረ። ድምፅ የለውም። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው፣ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አንሥተው ሳያሳርፉ፣ አልቃሿ የሙሾዋን ቃል በከንፈሯ ብቻ እያወረደች አለቀሱ። ከውጭ የሚሰማ ቢኖር የእግር መፋተግ ብቻ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ያለ ድምፅ ሲያለቅሱ ቤቱ ይከብዳል፤ ምሰሶው የሚሰበር መሰለኝ። በመጨረሻ እናቴ የሐጂን አደራ ረሳች። ሄዳ ግራ ጉንጯን ግንዱ ላይ፣ ከቅጠሎቹ ሥር አሳረፈች። እንደዚያው ቆየች።

ጭቃ ሹሙ የገባው ያን ጊዜ ነው። የማኅበር ጠላ ሸቶት ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከአፋቸው አውጥተው ዳቦ አነሡ። እናቴ ዞረች።

«ፊትሽን ምን ነካው?» አለ፤ በኀዘን የነጨችው መስሎታል። ቀረብ ብሎ አየ። ጉንጯ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኗል።

«ቀለም ነው። ሐጂ ያመጡልኝ ሥዕል፤ ሳይደርቅ ነካሁት።»

«የምን ሥዕል?»

«የቅጠል።»

«ቅጠል ምን ያደርግልሻል?»

«ግድግዳው ነፋስ ያስገባል።»

ወደ ሥዕሉ ሄደ። ሥዕሉ ቅጠል የሆነው ጠላት እንዳያውቀው፣ እኛም እንድንድን ነበር፤ ሐጂ ግን አብዝተው አስመስለውት ኖሯል። ሰውየው ብዙ ቆመ። አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ግራ ሲዘም አየሁት።

«ዘመም ይላል» አለ።

«ዘመም ይላል» አለች እናቴ።

እጁን አንሥቶ ወደ ባዶዋ ክፍተት አስጠጋ፤ ሳይነካት መለሰው። ቤታችን፣ የሐጂ አንገት፣ ያ ሁሉ ነገር በዚያ እጅ ላይ ነበር። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚያደርገው አዘቅዝቆ መልሶ ለበሰው።

«ብርድ ነው» አለ። ጠላውንም ሳይጠጣ ወጣ።

ይህን ታሪክ ስናገር ሰዎች ከሃዲው ተጸጸተ ብለው ደስ ይላቸዋል። ደስታቸውን ላበላሽ፦ በሳምንቱ ለጣሊያኖቹ ሁለት በጎቻችንን ነድቶ ወሰደ፤ እስከ መጨረሻውም አገለገላቸው። ስለ እኛ ግን ለማንም አልተናገረም። ለምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሥዕሉን ቆሞ ይይ።

ሐጂ በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ እናቴ እንደ ጥፋተኛ አስገባቻቸው። ጉንጯ ያረፈበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተላቁጦ፣ የጉንጭ አጥንትና የዐይን ጉድጓድ የሚመስል ነገር ቀርቷል።

«ያስተካክሉልኝ፣ አበላሸሁት» አለች።

ሐጂ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «አስተግፊሩላህ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉ ዝግ ብለው። ጣታቸውን ዘርግተው መልሰው አጠፉት። «እኔ ፊት አልስልም ብያለሁ፤ አልሳልኩምም። ይሄን የሳሉት እርስዎ ነዎት። እኔ አልነካውም።» ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ከፊቱ ተቀመጡ፤ የራሳቸውን ሥራ እንደ ባዳ ሲያዩት ዋሉ። በቅሎዋ ጭነቷን እንደተሸከመች ደጅ ጠበቀቻቸው።

ጠላት ከወጣ በኋላ ለጫካ ሟቾች በይፋ ተለቀሰ። ለወንድሜም ድንኳን ተጣለ፣ ጥይት ተተኮሰ። ያ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊም፣ እንግዲህ የሚፈራው ስለሌለ፣ የወንድሜን ምስል ሠርቶ መጣ፤ ትልልቅ ዐይን፣ ሙሉ ጥርስ፣ ቀጥ ያለ ትከሻ፣ በእጁ ጠመንጃ። ሕዝቡ እያለቀሰ ተቀበለው። እናቴ አጠገቡ ቆማ በትሕትና ተመለከተችው።

«የማን ልጅ ነው?» አለች። «እናቱ መርዶ ደርሷታል?»

እናቴ ከድንኳኑ ውጭ ከአልዩ አምባ ሰዎች ጋር ወደተቀመጡት ወደ ሐጂ ሄደች፤ እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸውና ቤት አስገባቻቸው። «የእኔው እዚህ ነው ያለው» አለች። ያን ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጮህ፣ ሁለቱ ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ። ድምፅ አላሰሙም።