አፀደና ሁለቱ የሜፕል ችግኞች

አፀደ ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ ሚስ ዶሪስ የሚባሉ አዛውንት ትንከባከባለች። እሷና ባሏ ጸጋዬ በ2020 ሊንደን ሰፈር ቤት ገዝተዋል። ቤቱ ደህና ነው፤ ግቢው ውስጥ ግን አንድም ዛፍ ስለሌለ በሰመር የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊቱን ትጠብሰዋለች።

በሜይ 2021 የሚስ ዶሪስን የጣራ አሸንዳ ሊጠርግ የመጣ ሰው ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ትንንሽ ችግኞች ወደ መሬት ጣለ። አፀደ ሁለቱን አንስታ ባዶ የእርጎ ዕቃ ውስጥ ተከለቻቸው።

"ሜፕል ናቸው" አሏት ሚስ ዶሪስ፣ ማስካቸውን እያስተካከሉ። "የእኔ ዛፍ ቀይ ሜፕል ነው። የጎረቤቴ ሲልቨር ሜፕል ቶሎ ያድጋል፣ ግን ንፋስ ይሰብረዋል። የትኛው እንደሆነ ቅጠሉ ይነግርሻል።"

በኦገስት አንደኛው ችግኝ ሌላውን ጥሎት ተመዘዘ። ጸጋዬ ወደደው።

"ጎበዙ ይሄ ነው! ይሄን እንትከል።"

አፀደ ቅጠሉን ገለበጠችለት። ጀርባው ብር ይመስላል፤ ጠርዙም ወደ መሃል ጠልቆ ተሰነጣጥቋል። "ሲልቨር ነው፤ አድጎ ጣራችን ላይ ሊወድቅብን!" አለችው። የትንሹ ችግኝ ቅጠል ግን እንደ ሦስት ጣት ነው፤ ዙሪያው የመጋዝ ጥርስ፣ አንገቱ ቀይ፤ ቀይ ሜፕል ነው።

"ይሄ እስኪያድግ እኮ ጡረታ እወጣለሁ።"

"ታዲያ ያኔ አይደል ጥላ የሚያምርህ?"

ጸጋዬ ሲልቨሩን ሰፊ ጓሮ ላለው የሥራ ጓደኛው ሰጠው። ቀዩን በኦክቶበር ከቤቱ በስተምዕራብ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገው ተከሉት። እሱ ጉድጓዱን እስከ ጉልበቱ ቢቆፍረው፣ እሷ ግማሹን አፈር አስመለሰችው።

"ሥሩ የሚጀምርበት ቦታ መታየት አለበት፤ ከተቀበረ ይታፈናል።"

"ሚስ ዶሪስ ናቸው ያሉሽ?"

"ናቸው።"

ዊንተሩ ሲያልፍ የቀረው ቀጭን እንጨት ብቻ ነበር። "ሞቷል፣ እንንቀለው" አለ ጸጋዬ። አፀደ ልጡን በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሁለቱም ሕፃን እንደተወለደላቸው ሰዎች ሳቁ። በኤፕሪል ቀያይ እምቡጦቹ ፈነዱ።

ጸጋዬ የዛፉን ፎቶ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሳይቀር እያሳየ ወሬው ተዛመተ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ኑራ ቅጠል ይዛ መጣች።

"እትዬ አፀደ፣ የእኛስ ዛፍ ሜፕል ነው?"

"እስቲ የቅጠሉን አንገት ቀንጥሺው።"

ነጭ ወተት ወጣው።

"ወተት ካለው ኖርዌይ ሜፕል ነው" አለች አፀደ፣ ኮራ ብላ። "ጥላው ድንቅ ነው። ከሥሩ ግን ሣር እንደ ልብ አይበቅልም።"

"እሰይ!" አለች ኑራ። "ሣር ማጨድ መርሮኛል!"