ማርታ የምትባለው አውሎ ነፋስ

ዛሬ በልጄ ጆሮ ላይ ስልክ ዘጋሁበት። «አባባ፣ አዲሷን ሕፃን በእማዬ ስም ማርታ እንበላት?» አለኝ።

በእኔ ዕድሜ አይሆንም! አንዲት ማርታ ነበረችኝ፣ ቀበርኳት። ስሟም አብሯት ይረፍ።

ጎረቤቴ መምህሩ ይህን ሰምቶ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ፈረንጆቹን መሰሉ እኮ። ለአውሎ ነፋስ ስም ያወጣሉ፣ ያንኑ ስም ከዓመታት በኋላ ለሌላ አውሎ ነፋስ ይሰጣሉ። ብዙ ሰው የፈጀውን ስም ብቻ ነው የማይደግሙት።»

ሊቅ ተገኘ! ለእኔ ነው የአውሎ ነፋስ ስም የሚነግረኝ?

በጃንሆይ ጊዜ ቡታጅራ ገበያ አንድ ልብስ ሰፊ ሬዲዮ ነበረው። አንድ ቀን ሬዲዮው «ማርታ የተባለች አውሎ ነፋስ ባሕር ማዶ የቤት ጣራ ነቀለች» ሲል ሰማሁ። እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ እንሰት ትፍቃለች።

«ማርታ፣ ዝናሽ ባሕር ተሻገረ! የሰው ጣራ ነቀልሽ አሉ!»

ቀና እንኳ አላለችም። «የእኛ ጣራማ ነፋስም አያስፈልገው። አስከድነዋለሁ ካልክ ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ።»

ታዲያ መምህሩ ከሄደ በኋላ አሰብኩት። የማይደገመው የፈጀ ስም ከሆነ፣ የእኔዋ ማንን ፈጀች? ከኩራቴ በቀር ያፈረሰችው የለም።

ለልጄ መልሼ ደወልኩለት። «ማርታ በሏት» አልኩት። የእሱም ድምፅ ተቆራረጠ፣ የእኔም። ኔትዎርኩ ይሆናል።

ጣራዬ ዛሬም ያፈሳል። ሕፃኗን ይዘዋት ሊጠይቁኝ ሳይመጡ ነገ ቆርቆሮ መቺ እጠራለሁ።

እናንተ የሟቻችሁን ስም ለልጅ ያወጣችሁ፣ መጀመሪያ ስትጠሩት ድምፃችሁ እንዴት ወጣ? ሕፃኗ ሳትመጣ ንገሩኝ።