እትዬ ለተብርሃን በፊት ለፊት በር የመጡ ቀን

ባለፈው ሳምንት፣ ተሰደን በመጣንበት ከተማ ሲቲስኬፕ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤቴ የሕዝብ ቆጠራ ደብዳቤ መጣ። ፖስታውን ስቀደው የወጣው የወረቀትና የሙጫ ሽታ ማርልቦሮ ሰፈር የነበረውን የልጅነት የኪራይ ቤታችንን አስታወሰኝ። እዚያም እንዲህ ያለ ፖስታ ማቀዝቀዣው ላይ ሳይከፈት ሳምንታት ተቀምጦ ነበር።

የነዳጅ ዋጋ የወደቀበት ዘመን ነበር። አጎቴ ታምሩ ከሥራ ተቀንሶ፣ የሥራ ፈቃዱም አልቆበት፣ ምድር ቤታችን ይኖር ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ሳህኑን ይዞ ይወርዳል። አባቴ ደግሞ ቆጠራና ኢሚግሬሽን አንድ መሥሪያ ቤት ይመስሉት ነበር። ቅጹ ዜግነት እንደሚጠይቅ ከሰማ ወዲህ፣ የታምሩን ስም ከጻፍን በማግስቱ መጥተው የሚወስዱት መሰለው።

ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ከእኛ ከአዲስ አበቤዎቹ ይልቅ የጠራ አማርኛ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። መሃል ከተማ የነዳጅ ኩባንያ ፎቅ ያጸዱ ነበር፤ ፎቁ ባዶ ሲሆን እሳቸውም ተሰናበቱ። ሳያንኳኩ በጓሮ በር ይገቡና ድስት ከፍተው ቀምሰው፣ "ጨው አንሶታል" ብለው ይወጣሉ። እወዳቸው ነበር፤ እፈራቸውም ነበር።

አንድ ቅዳሜ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ለተብርሃን አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለው ቆመዋል። ለካ የቆጠራ ሥራ አግኝተው ነው። እናቴ ሻይ ብታቀርብላቸው "ሥራ ላይ ነኝ" ብለው መለሱት። ያኔ ሁላችንም ደነገጥን።

"እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?"

"አራት፤ እኛና ሁለቱ ልጆች" አለ አባቴ።

ታምሩ ፋሲካን እሳቸው ቤት የበላ ሰው ነው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"እትዬ፣ ያውቁ የለ እንዴ? ፐርሚቱ ኤክስፓየር አድርጓል። ፕሊስ፣ እሱን ስኪፕ ያድርጉት" አለ አባቴ።

"እኔ የምትነግረኝን ነው የምጽፈው። ግን ውሸት አታስጽፈኝ። እዚህ የሰማሁትን ለማንም ላልናገር ምዬ ነው የገባሁት።"

የምድር ቤቱ ደረጃ ተንቋቋና ታምሩ ብቅ አለ።

"አምስት ነን። እኔንም ይጻፉኝ እትዬ፤ እንደሌለ ሰው መኖር ሰልችቶኛል።"

"ሙሉ ስም?" አሉት፣ ጨርሶ እንደማያውቁት።

ነገራቸው።

"ዜግነት?"

"ኢትዮጵያዊ።"

ቀና ሳይሉ ጻፉ። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማንም አልመጣም። አባቴ ክረምቱን ሙሉ ቤታችን ደጃፍ መኪና በቆመ ቁጥር መጋረጃ ሲገልጥ ከረመ። ታምሩ ግን በር ሲንኳኳ መውረዱን ተወ። ከዓመታት በኋላ ወረቀቱም ተሳካለት። እትዬ ለተብርሃን በቆጠራው ማግስት እንደ ወትሯቸው በጓሮ በር ገብተው ድስት ከፈቱ። ስላለፈው ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፣ ለእኛም ጭምር።

ከሞቱ አራት ዓመት ሆናቸው። በቀደም ልጃቸውን ገበያ አዳራሽ አገኘኋትና፣ እናቷ ስለዚያ ቅዳሜ ነግረዋት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ስለ የቱ ቅዳሜ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።