የእማሆይ አስካለ ቆጠራ

ባለፈው ክረምት፣ ላሊበላ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ዝናብ በመታው ባና ይሸት ነበር። ከላስታ ገጠር የመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ያንኑ የበግ ጠጉር ለብሶ ወረፋ ይዟል። እኔም የሟች አባቴን ማሳ ወደ ስሜ ላዞር ከጠዋት ጀምሮ ቆሜአለሁ። እማሆይ አስካለን በሐሳቤ ያመጣብኝ ያ ሽታ ነው።

እማሆይ አስካለ በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ መነኩሲት ናቸው። ባናቸውን አውልቀው አይቻቸው አላውቅም። ሥራቸው ትውልድ መቁጠር ነበር። በቀድሞው ዘመን ርስት አለኝ የሚል ሰው መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ሐረጉን መቁጠር ነበረበት፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቆጠራውን የተማረው ከሳቸው አፍ ነው። አዋጅ ርስትን ሲሽር ሥራቸውንም ሻረው። እሳቸው ግን መቁጠራቸውን አልተዉም፤ አዋጁን የሚያነብላቸው ደፋር ስላልተገኘ ይሆናል።

ርስት ስለሚለው ቃል ብዙ አንብቤያለሁ። ርስት ወረሰ ከሚለው የግዕዝ ግስ፣ ጉልት ደግሞ ጐለተ ከሚለው ይወጣል፤ የመጀመሪያው የዘር ይዞታ፣ ሁለተኛው ንጉሥ ለሹም ወይም ለደብር የሰጠው ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ሊቃውንቱ በዚህ ሲከራከሩ ዕድሜ ይፈጃሉ። እኔ ከደላንታ የመጣ ሸማኔ ልጅ ስለሆንሁ ትርጉሙን በአጭሩ ነው የተማርሁት፦ እኛ የሌለን ነገር።

ገበሬ ማኅበሩ ለአባቴ የገብስ ማሳ ሲሰጠው፣ አዋሳኛችን ጋሼ ደምሌ ባረሰ ቁጥር አንድ አንድ ትልም ወደ እኛ ይገፋ ጀመር። ማሳው ጠበበ። እናቴ ወደ ደላንታ እንመለስ አለች። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ድንበሩ ላይ ተሰበሰቡ። እማሆይም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው የድንበር ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«እማሆይ፣ ሸማኔ ከየት ባመጣው ርስት ነው የሚሟገተኝ?» አለ ደምሌ።

«የቅድመ አያትህ እህት ደላንታ ተድራ ነበር። ይኼ የሷ ዘር ነው። ዘመድህን ነው የምትገፋው።»

«እንዲህ ያለች ሴት ሰምቼ አላውቅም።»

«ቅድመ አያትህንስ ከማን ሰማህ?»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። የእማሆይን ቃል የካደ የራሱንም ሐረግ መካዱ ነው። ደምሌ ትልሙን መለሰ።

በኋላ፣ ደላንታ የተዳረችው ሴትዮ በእውነት ነበረች ወይ ብዬ እማሆይን ጠየቅኋቸው።

«ስቆጥር የሆነ ቦታ ላይ ይደክመኛል፣ ልጄ። ሲደክመኝ አንድ ሰው እጨምራለሁ» አሉኝ።

ከመንደሩ አባቶች ስንቱ የድካማቸው ልጅ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ኮሪደሩ ውስጥ እኔም ደክሞኝ ነበር። የምሞላው ቅጽ አባቴ መሬቱን ያገኘው በድልድል ነው ወይስ በውርስ ብሎ ይጠይቃል። እስክሪብቶዬን እንደያዝሁ፣ ከኋላዬ የቆመው የደምሌ የልጅ ልጅ ክንዴን ነካ አደረገኝ።

«አጎቴ፣ ተራዎ ደርሷል።»

«እሺ ልጄ» አልሁትና «በውርስ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።