እትዬ ሻሺቱ ያልዘጋችው ግድግዳ

አርባ ምንጭ ላይ፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያየው ሆቴላችን፣ እትዬ ሻሺቱ የስብሰባ አዳራሽ ማሰናዳት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። እኔ የማይክ ሠራተኛ ነኝ። እኔ ሽቦ ስፈታ እሷ ሰው ታያለች፤ ተሰብሳቢ ሲከፋው ከማንም ቀድማ ውሃ ይዛ ትደርሳለች። የጨንቻ ልጅ ናት፤ ሲያስቃት ትስቃለች፣ ሲያናድዳት ደግሞ ሥራ አስኪያጅ አትፈራም።

ባለፈው ኅዳር የስምንት አገር ሰዎች ሊዋዋሉ መጡ። የደገኛ ገበሬዎችን የገብስና የድንች ዘር በአንድ የጋራ ባንክ ሊያስቀምጡ ነው። ትልልቆቹ አገሮች ስድስት ሰባት ሰው ላኩ፣ ከነሕግ አዋቂያቸው። ትንሿ ሌሶቶ የላከችው አንዲት ሴት ብቻ፤ ማሊኔዮ ትባላለች። ይዛ የመጣችውም አንድ አንቀጽ ነው፤ ድርቅ ወይ በሽታ ዘሩን ያጠፋበት ገበሬ ከባንኩ በነፃ ይመለስለት የሚል። እሱ ሳይገባ አገሬ አልገባም ብላ ነበር የተነሳችው።

በሁለተኛው ቀን ጊዜ አጠረና ጉባኤው ለሁለት ይከፈል ተባለ። አዳራሹን መሃል ለመሃል የሚከፍለው ታጣፊ ግድግዳ ተዘጋ። በአንዱ ወገን ባንኩ የት ይሁን፣ በሌላው ዘሩ እንዴት ይመለስ። ማሊኔዮ ለገበሬዎቿ ሁለቱም ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ከበር በር ስትሮጥ ዋለች። እዚህ ስትደርስ እዚያ ይወሰናል፣ እዚያ ስትደርስ እዚህ አልፏል። በሻይ ሰዓት አንቀጿ ሊወድቅ አንድ ውይይት ብቻ እንደቀረው ተነገራት። ጥግ ይዛ ዓይኗን ስትጠርግ አየናት።

ከሻይ በኋላ አስተባባሪው ብዙነህ፣ እሱም ጋሞ፣ የካምባ ልጅ፣ ለሻይ የተከፈተው ግድግዳ እንደገና እንዲዘጋ አዘዘ። እትዬ ሻሺቱ እጀታውን ይዛ ቆመች።

«ብዙነህ ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይቺ ሴት አንድ ናት። ዱቡሻ ላይ አንድ ሰው ሳይሰማ ነገር ያልቃል እንዴ?»

ዱቡሻ የጋሞ አባቶች የሚመክሩበት ሜዳ ነው። ሁሉም ተናግሮ፣ ሁሉም ካልተስማማ አይበተኑም፤ ግድግዳም የለውም። ብዙነህ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው ጆሮው የቀላው። ካልዘጋሽ ለሥራ አስኪያጁ እነግራለሁ አላት። ንገር አለችው። እኔ ለእንጀራዋ ፈራሁ።

እዚያው አጠገቧ የነበረው ማይክ ክፍት ነበር። ማን እንደከፈተው አትጠይቁኝ። አስተርጓሚዎቹ ደግሞ የሰሙትን መተርጎም ለምዶባቸው የሁለቱን ዛፍ ነገር ለስምንቱም አገር አደረሱት። ሽማግሌው የጉባኤ ሰብሳቢ ማዳመጫውን አውልቆ እስኪበቃው ሳቀና ግድግዳው ክፍት ይሁን አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው አዘገመ። አውሮፕላን ያመልጠናል ያለ አለ፣ ያኮረፈ አለ። ማሊኔዮ ግን ተቀምጣ ጠበቀች፣ ተራዋ ሲደርስ ተናገረች፣ ተከራከረች። በሦስተኛው ቀን አንቀጿ አምስተኛ ሆኖ ገባ፤ ስምንቱም እጃቸውን አወጡ። ደስ አለኝ። ዘር ዘርቼ የማላውቅ ሰው ደስ አለኝ።

ሊፈርሙ ሲሉ ሰብሳቢው ያልተናገረ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማሊኔዮ በእጇ ወደ እትዬ ሻሺቱ አመለከተች። እትዬ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ማይኩን ያዘች፤ ግን አማርኛው ጠፋባትና በጋሞኛ ጀመረች። አስተርጓሚዎቹ ተያዩ። ያን ጊዜ ብዙነህ ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቧ ቆመና መተርጎም ጀመረ።

«የእናቴን ገብስ በሽታ ጨረሰው» አለ የእሷን ቃል ሲተረጉም። «ዘር ፍለጋ ጨንቻን ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች። ያኔ የሚመልስላት አልነበረም። ከእንግዲህ አለ።»

እትዬ ሻሺቱ ጨርሳ ማይኩን ልትመልስልኝ ስትል ብዙነህ ያዘው። እሷ ያላለችውን አንድ ቃል ጨመረ።

«የእኔም እናት» አለ።