ኮምፒውተሩ ለምለምን ሲጠይቅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳባ ከኮምፒውተሬ ላይ ፍላሿን ነቅላ ልትሄድ ስትል ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ሳትሰናበቱ ነቀላችሁ የምትል ዓይነት ወቀሳ ናት። ሳባ እንዲህ ያለ ነገር አታነብም፤ የእሷ ዘመን ልጅ ሁሉ ሳያነብ መዝጋት ይችልበታል። እጇ ወደ ማውሱ ሲሄድ ግን ሳላስበው ክንዷን ያዝኩት።

"ዳዲ፣ ምን ሆንክ? ጀስት ክሎዝ አድርገው" አለችኝ።

ምን እንደሆንኩ ለመናገር ወደ ወጣትነቴ መመለስ አለብኝ።

ያኔ አሜሪካ፣ አርሊንግተን በምትባል ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ከክፍል ውጭ ደግሞ አዲሰን በምትባል ሌላ ከተማ ባለ አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ እሠራለሁ። ባቡር የለ፣ አውቶቡስ የለ፤ ማቀዝቀዣ በሌላት አሮጌ መኪናዬ መስኮቱን ከፍቼ እነዳለሁ። ጸደይ ሲሆን የአውራ ጎዳናው ዳር በሰማያዊ አበባ ይሸፈናል። ቢሮ ስደርስ ጸጉሬ አቧራ፣ ሸሚዜ ላብ ነው፤ ቢሆንም ያንን መንገድ እወደው ነበር።

ኩባንያው ሰው ኮምፒውተር ሲከፍት ፊት ለፊት የሚያየውን ገጽ፣ ሥዕሎቹንና ሳጥኖቹን ማለቴ ነው፣ እንደ አዲስ እየሠራ ነበር። ይመች አይመች እንደሆነ ለማወቅ ኮምፒውተር የማያውቁ ሰዎች ተጋብዘው ይሞክሩታል፤ እኛ በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ሆነን እናያለን። ተጋባዡ ያሰበውን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ መናገር አለበት። አሜሪካኖቹ ለዚህ ማን ብሏቸው፤ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ ማማረር ይጀምራሉ። የምንፈልገውም እሱን ነበር።

አለቃዬ ሊንዳ ከእናንተ ሰው አንድ አምጣ ስትለኝ ጋሼ ካሳዬን አመጣሁ። በቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃቸው፤ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ ካለ ሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱ ሹፌር ነበሩ። ከጎንደር በእግራቸው ሱዳን ገብተው ነው ወደዚህ የመጡት። ስለ መንገዱ አያወሩም። ለምለም የምትባል ልጃቸው እዚያ መንገድ ላይ መሞቷን ብቻ ሁላችንም እናውቃለን። የቀረቻቸው አንዲት ፎቶ ነበረች፤ እሷም አፓርታማቸው ውሃ ሲገባበት ተበላሸች። ደግነቱ አስቀድሞ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በፍሎፒ ዲስክ ገልብጦላቸው ነበር። ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልለው ከደረት ኪሳቸው አይለዩትም፤ የሚከፍቱበት ኮምፒውተር ግን የላቸውም። ተጋባዦች የራሳቸውን ነገር ይዘው ቢመጡ እንወዳለን ስላቸው ወዲያው እሺ አሉ። የመጡት ገጹን ሊሞክሩ ሳይሆን ልጃቸውን ሊያዩ ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ሊንዳ በቅቤ የተጋገረ ኩኪስ አቀረበችላቸው። አልበላም ማለቱ ከበዳቸውና አመስግነው ተቀበሉ፤ ዞር ስትል በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ሙከራውም እንደ ኩኪሱ ሆነ። ማውሱ አልታዘዝ ሲላቸው "በጣም ጥሩ ነው" ይላሉ። የከፈቱት ነገር ሲጠፋባቸው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላሉ። እኔ በድምፅ ማጉያው ትእዛዙን በአማርኛ እየነገርኳቸው፣ መልሳቸውን ለሊንዳ እየተረጎምኩ ሳቅ ሳቅ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ፎቶዋ ተከፈተች። የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሹሩባዋ የላላ፣ ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት ፊቷን የቋጠረች ሕፃን። ጋሼ ካሳዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ያሰቡትን ይናገሩ ብዬ አስታወስኳቸው፤ የሰሙኝም አይመስለኝም። በአውራ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ግንባሯን ዳበሱ።

የመጨረሻው ሥራ ዲስኩን ማውጣት ነበር። በዚያ ገጽ ላይ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ የዲስኩን ሥዕል ጎትቶ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሥዕል ውስጥ መጣል። ምንም አይጠፋም፤ ዲስኩ ብቻ ይወጣል። ያሰበው ኢንጂነር ትልቅ ብልሃት የፈጠረ መስሎት ነበር። ከዲስኩ ሥዕል ሥር ግን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ የጻፈው የዲስኩ ስም አለ፤ "ለምለም" ይላል። ጋሼ ካሳዬ እየጎተቱ ቅርጫቱ አፍ ድረስ አመጡትና እጃቸው ቆመ። ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት። ኮፍያቸውን አንስተው "ሁሉም ጥሩ ነው፣ ያክብርልኝ" ብለው ለመስተዋቱ እጅ ነሥተው ወጡ። ዲስኩ እዚያው ቀረ።

ሮጬ ፓርኪንጉ ላይ ደረስኩባቸው።

"ጋሼ፣ ዲስክዎን ረሱት እኮ።"

"አልረሳሁትም።" መኪናቸውን መክፈት ጀመሩና ተዉት። "አንዴ መንገድ ላይ ጥያት መጥቻለሁ። ድንጋይ እንኳ በወጉ አልጫንኩላትም፣ ሰዎቹ ጥለውን እየሄዱ ነበር። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ቆሻሻ ውስጥ አልጥላትም። እዚያው ትቀመጥ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ሰው ቤቱ ጠርቶህ ወጥህ አይጥምም ትለዋለህ?"

ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው። ለሊንዳ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። የወረቀት ክሊፕ አቃንታ ማሽኑ ላይ ባለች ቀዳዳ ገፋ ስታደርገው ዲስኩ ወጣ። በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፤ ማን እንዳስተማራት እንጃ። ተሳልመው ኪሳቸው ከተቱት።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ኮምፒውተሩ ዲስኩ መውጣቱን አላወቀም። ሥዕሉ ደብዝዞ፣ ግራጫ ሆኖ፣ ስሟን እንደያዘ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ቀጥሎ አንድ ሳጥን ወጣ።

"ምን ይላል?" አሉኝ ጋሼ ካሳዬ።

"ለምለምን መልሱ ይላል።"

ጠጋ ብለው አዩት። ሊንዳ ስትዘጋው ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል።

"እስከ መቼ ነው የሚጠይቀው?"

"እስክትመለስ ድረስ ነው፣ ጋሼ። ወይ ማሽኑ እስኪጠፋ።"

ሊንዳ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች። ጋሼ ካሳዬ መሐል ገቡ።

"አታጥፉት፣ ንገራት" አሉኝ። "ከእኔ ሌላ የሚጠራት አልነበረም።"

ሊንዳ ማንም እንዳይነካው አዘዘች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ካሳዬ ቢሮ ይደውሉልኝ ጀመር። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ጤናዬን፣ ትምህርቴን፣ የመኪናዬን ነገር ይጠይቃሉ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አሁንም ይጠራታል?" ይላሉ። ይጠራታል እላቸዋለሁ። እኔ ግን በዚያ ክፍል በር ማለፍ እየፈራሁ መጣሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ቢሮ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ያ ስም በርቶ ሲጠይቅ ሳይ፣ ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ የምትሰማ ይመስለኝና ዘወር እል ነበር። ማንም የለም።

ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት ሰማዩ አረንጓዴ ሆነና እንቁላል የሚያህል በረዶ ወረደ። መብራት ሄደ። ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ሥዕሉም ሳጥኑም የሉም። ጋሼ ካሳዬ ሲደውሉ ልደብቃቸው አሰብኩ፣ አልሆነልኝም። መብራት ሄዶ ጠፋ፣ ከእንግዲህ አይጠይቅም አልኳቸው። ከኋላቸው አውሮፕላን ሲነሣ ይሰማኛል።

"እሱስ አረፈ" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ኩባንያው ያንን አሠራር ኋላ ቀየረው፤ ዲስክ ማውጫው የራሱ ምልክት ተሠራለት። በጋሼ ካሳዬ ስም የተመዘገበው አስተያየት ግን "ሁሉም ጥሩ ነው" የሚል ብቻ ነው። እሳቸውም ካረፉ ቆዩ፤ ዲስኩ በደረት ኪሳቸው እንዳለ ተቀበሩ። ዛሬ ኮምፒውተሩም ስልኩም አስተያየትህን ስጠኝ እያለ ሲነዘንዘኝ ይውላል። ያንን ባየሁ ቁጥር ለመስተዋቱ እጅ የነሡት ሰውዬ ይመጡብኛል።

ሳባ ክንዷን እንደያዝኩት ስታየኝ ቆየች።

"ሶ፣ ልዝጋው?"

"ተይው" አልኳት። "ትንሽ ይጠይቅ።"